አንድ ክፍል ቤት በከባድ እንግሊዝኛ

እንግሊዝ አገር ለመሄድ ከሚዛን የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሊሸኘኝ ከሸዋ ቤንች የመጣው አባቴ፣ ጭቃው መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ለአውቶቡሱ ረዳት ሳይቀር "ይሄ ልጅ እንግሊዞቹ ራሳቸው የማያውቁትን እንግሊዝኛ ነው የሚያውቀው" ይለዋል። እውነቱን ነበር። ጉዴ የፈላውም በዚሁ ነው።

እኛ ሃይስኩል የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀላል ቃል መናገር ነውር ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው ማይክ የዕለቱን ከባድ ቃል የማነበው እኔ ነኝ። ዝናቡን "ሬይን" ያለ ተማሪ እስከ ምሳ ይሳቅበታል፤ "ፕሪሲፒቴሽን" ማለት አለበት። ሚዛን ላይ ደግሞ ዝናቡ መች ያባራል፣ ስንቱ ተሳቀበት መሰላችሁ።

ማንችስተር የሚባል ከተማ ገባሁ። ዝናቡ የእኛው ነው፤ ግን ቡና አያበቅልም፣ ዝም ብሎ ሰው ያቀዘቅዛል። ያረፍኩበት መጠለያ እስከ ዓርብ ልቀቅ አለኝ። ቤት ካላገኘሁ ጎዳና ላይ ማደሬ ነው።

የመጀመሪያው አከራይ አንድ መላጣ ሽማግሌ ነበር። እኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ሳያመሰግኑ ወደ ጉዳይ አይኬድም፤ ስለዚህ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ቀጥ ብዬ "ዩር ማግናኒሚቲ ኢዝ ኢንኤፈብል" አልኩት፤ ቸርነትዎ በቃላት አይገለጽም ማለቴ ነው። ሰውየው ገና ኪራዩን እንኳ አልነገረኝም። ቀና ስል የበሰበሰ ኮርኒስ አየሁና፣ የሚስማማ ቃል በማግኘቴ ደስ ብሎኝ "ዲላፒዴትድ" ብዬ ጨመርኩ፤ አርጅቶ የፈራረሰ ማለት ነው።

ፊቱ ተለዋወጠ። ማዘጋጃ ቤት ልኮህ ነው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩ። ጠበቃ ነህ ወይ አለኝ። ኧረ እኔ ድሃ ነኝ ለማለት "አይ አም ኢምፔኪዩኒየስ" አልኩት።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና "ይተላለፋል?" ብሎ ጠየቀኝ። በሩን ሲዘጋ እጁን በሱሪው እየጠረገ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሌላ ቤት ሄድኩ፤ አከራይዋ ሴትዮ ናት። ምላሴን ነክሼ ገባሁ። እሷ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ድመቷ ስታወራ፣ እኔ ለሁሉም "ኦልራይት" እላለሁ። ቁልፉን ሰጠችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሸመደድኩት በአንዲት "ኦልራይት" መበለጡ አናደደኝ፤ ቢሆንም በሩን ከውስጥ ስቆልፍ እንባዬ መጣ።

ቤት ማግኘቴን ላበስር ደወልኩ። ታናሽ እህቴ ትዕግስት፣ ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። አባቴ እንግሊዝኛዬን ሊያሰማቸው ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቧል አሉ።

"ወንድም ጋሼ፣ አር ዩ ሬሳይዲንግ ኢን ፌሊሲቲ?" አለችኝ።

በደስታ እየኖርክ ነው ወይ ማለቷ ነው። እንግሊዝ አገር ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ አሳምሮ የጠየቀኝ ሰው የለም። በናፍቆት የማውቀው ቃል ሁሉ ጥሎኝ ሄደ።

"ኦልራይት" አልኳት።

ከዚያ የአባቴ ድምፅ ቀስ ብሎ "ምን አለ?" ሲል ሰማሁት።

"እንግሊዝኛው ጠፍቶበታል መሰለኝ፣ አባዬ" አለችው።