የእሽግ ወይካ
ምራቴ እሽጉን ቀድዳ ወይካ፣ የተፈጨ ባሚያ፣ ድስቱ ላይ ስትነሰንስ፣ ያ የደረቀ ባሚያ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው።

እናቴ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት እርሻ ላይ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ትሠራ ነበር። ባሚያውን ራሷ አድርቃ በሙቀጫ ስትወቅጠው አረንጓዴ ብናኙ ቅንድቧ ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ባለእርሻው የተፈጨውን ከሱዳን በጆንያ አስመጣ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ፤ ይሄንን ማንም ድስት ላይ ይነሰንሰዋል» አላት። ማሰናበቱ ነው። ደግ የሠራ መስሎት ፈገግ ብሏል።

እሷም ሙቀጫዋን አዝላ፣ ዘነዘናውን ለእኔ አሸክማ ወጣች። መንገድ ላይ፣ «ደከመኝ ብዬዋለሁ እንዴ?» አለችኝ።

ምራቴ ሳህኑን አቅርባ፣ «አባባ፣ እንዲህ ይቀላል እኮ» አለች። ቀመስኩት። ጣሙ ቁርጥ የእናቴ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።