በጆሮው ያንጠለጠልነው ጥንቸል

ልጄ ሙሉ፣ እጇን በቀሚሷ ጠቅልላ ስትገባ ደሙ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። "ነጩ ነከሰኝ" አለችኝ። ነጩ የምትለው ጥንቸሏን ነው። በዚያው ሰሞን ያበደ ውሻ በሰፈራችን አልፎ ጥጃ ነክሷል። ነገሩ ሲገባኝ ጮኬ ጎረቤት ጠራሁ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ እዚሁ ኮሶበር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ስለሆነ አጻጻፌን ይቅር በሉኝ። ግን ያን ጊዜ ያየሁትን ጭንቅ ሌላ እናት እንዳታየው ብዬ ነው የምጽፈው።

ጥንቸሉን ያመጣብኝ ባሌ ነው። የሚሠራው ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ነው፤ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ "ለልጅህ" ብሎ ሰጠው። ባሌ አስቀምጦልኝ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላየሁም። ጥንቸሉ የጫማ ቆዳ በላ። የበሩን ጠፍር በላ። ሲያድግ ደግሞ ባሰበት፤ በእግሬ ዙሪያ እየዞረ ያጉረመርማል፣ በኋላ እግሩ መሬቱን ይደበድባል፣ ቀሚሴ ላይ ይሸናል። ስንት ሥራ ያለባት ሴት ጥንቸል ስታባርር ትውላለች?

ጎረቤቴ እትዬ ውዴ የሙሉን እጅ ስታይ ደረቷን መታች። "መዞሩን ነግሬሽ አልነበር? የእብደት መጀመሪያው እሱ ነው። ዛሬውኑ ወደ አዘና እንውሰዳት።"

በአዘና መንገድ የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አለ። መርፌው አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም ይባላል። እኔ ግን መድኃኒቱንም እፈራለሁ። የአጎቴ ልጅ፣ ያ የሚያህል ጎልማሳ፣ ጠጥቶት ሲያስመልሰው ሰንብቶ ሞቷል። ሙሉ ደግሞ ገና ጥርሷን እየቀየረች ያለች ልጅ ናት። ባትጠጣ በሽታው፣ ብትጠጣ መድኃኒቱ።

መድኃኒተኛው የነከሰውን እንስሳ ሳያይ አይሰጥም ስላሉኝ ጥንቸሉን በጆሮው አንጠልጥዬ ዶሮ መያዣ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ክንዴን ቧጨረኝ። እትዬ ውዴ ቅርጫቱን አልነካም አለች፤ ርኩስ ነው። ሙሉን አዝዬ እሱንም እኔው ተሸከምኩ። መንገዱን ሙሉ ቅርጫቱ ውስጥ ሲራገጥ እኔ ስረግመው ሄድን።

አንድ ወንዝ ዳር ስንደርስ በቅሎዎቹን የሚያጠጣ እስላም ነጋዴ አገኘን፤ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው።

"እህቴ፣ ዶሮሽ ለገበያ ነው?" አለኝ።

"ዶሮ አይደለም፣ ጥንቸል ነው። አብዶ ልጄን ነከሰብኝ።"

ምን ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ፤ እሱንም፣ ያበደውን ውሻም ነገርኩት። ሳቀ።

"ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ እርስዎ ይስቃሉ?" አልኩት።

"ይቅር በይኝ። ለመሆኑ ያ ውሻ ይህን አግኝቶታል?"

"በአጥራችን ሥር አልፏል።"

"አግኝቶት ቢሆን ጆሮው እንኳ ይተርፍልሽ ነበር? ውሻ ጥንቸል ነክሶ ትቶ አይሄድም።"

"መዞሩስ?" አለች እትዬ ውዴ።

"ጎርምሷል እናቴ። ሚስት ፈልጎ ነው።"

እትዬ ውዴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

በሰውየው ልጅነት ቤተሰቦቹ ጥንቸል ያረቡ ነበር። ሙሉን እንዴት እንደምትይዘው ጠየቃት። "በጆሮው። ልብስሽን እንዳይነካው ብላኛለች እናቴ" አለችው።

"ታዲያ ርኩሱን እንቀፈው?" አልኩ።

"አትብሉት፤ ማን ብሉት አለ? ግን በጆሮው ስታንጠለጥሉት ጭልፊት የወሰደው ይመስለዋል። እንዴት አይነክስ?"

ቅርጫቱን ከፈተ። አንድ እጁን ከደረቱ ሥር፣ ሌላውን ከቂጡ ሥር አድርጎ አነሳውና ሆዱ ላይ አስጠጋው። በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሸፈነለት። ያ ሲራገጥ የመጣው ሰይጣን ጭጭ አለ። ቆይቶ ውኃው ዳር አወረደው። ጥንቸሉ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ያበደ እንስሳ ውኃ እንደማይደፍር እኛም እናውቃለን።

"መንገደኛ ነገረሽ ብለሽ ልትመለሽ ነው?" አለች እትዬ ውዴ። "ኋላ እንዳታለቅሺ።"

ሰውየውን አየሁት። "እኔ አልፈርድልሽም፣ ልጅሽ ናት" አለኝ። "ቁስሉን በሳሙና ደህና አድርገሽ እጠቢ። ይህንንም ዘግተሽ ጠብቂው። ካበደ ሳይሰነብት ይሞታል፤ ያን ጊዜ ሳትውይ ሳታድሪ ውሰጃት።"

ሙሉን አዝዬ ተመለስኩ። ቁስሏን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት ሁሉ ጭንቅ ነበር። ከእንቅልፌ ስነሳ ሮጬ የማየው ጥንቸሉን ነው። ጎመን ከበላ እተነፍሳለሁ፤ ጥጉን ይዞ ከተኛ በእንጨት እነካዋለሁ። እንደዚያ አንገሽግሾኝ የነበረውን እንስሳ በእድሜ አቆዪልኝ ብዬ ማርያምን እለምን ነበር። እትዬ ውዴ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች "ሞተ?" ትላለች። "አልሞተም" እላለሁ። "አይ አንቺ" ብላ ትገባለች።

ጥንቸሉ አልሞተም። እንዲያውም ወፈረና የድርቆሽ ማሰሪያዬን በላ። ሙሉ አሁን እንደ ሰውየው አድርጋ ነው የምትይዘው፤ ከዚያ ወዲህ ነክሷት አያውቅም። እኔ ዛሬም አልወደውም።

የሙሉ እጅ ሽሯል። መድኃኒቱንም አልጠጣችም። ያ ሰው ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ባለበት ደህና ይሁን። ልጄ ድናለች፤ እኔም አሁን ሳልፈራ እተኛለሁ።