መዶሻ አይወድቅም

አባቴን ሰፈሩ መዶሻ ይለዋል። አርባ ዓመት ብረት ሲበይድና ሰው ሲደበድብ ኖሮ ያገኘው ስም ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ክንዱ እንጂ አፉ አልደከመም። "እኔን የሚጥል ገና አልተወለደም" ይላል። ለከተማው ግማሽ ደረጃ መደገፊያ የሠራ ሰው፣ ከመኝታ ክፍሉ ወደ ወርክሾፑ ለሚወርደው ለራሱ ደረጃ አንዲት ብረት አልበየደም። "እሱ ለሽማግሌ ነው!" እኔም በሽቄ፣ "አንድ ቀን ወድቀህ ባገኝህ የወርክሾፑን ቁልፍ እቀበልሃለሁ፤ ቤት ትቀመጣለህ" ብዬዋለሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

አንድ ጠዋት ለሥራ ስመጣ ደረጃው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ቅንድቡ ተተርትሯል፣ ደሙ ጢሙ ላይ ረግቷል። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

"ማን ነው አባዬ? ማን ነካህ?"

መሬት መሬት አየ። "ጎማ ጠጋኙ" አለ።

ወዲያው አመንኩ። ጎማ ጠጋኙ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራ እኩያው፣ የዕድሜ ልክ ጠበኛው ነው። አምና የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ሲተኛ "መዶሻ መታኝ" ብሎ ነበር። አባቴም ከማስተባበል ይልቅ ደረቱን ነፍቶ ከረመ። እንግዲህ ሰውዬው ብድሩን መለሰ አልኩና ደሜ ፈላ። አባቴ ከኋላዬ "ቆይ! አንተ ልጅ፣ ቆይ!" ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ራሱ ሊመታው የፈለገ መስሎኝ ጭራሽ ሮጥኩ።

ጎማ ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ጎማ ከቸርኬው እያላቀቀ ነበር። ኮሌታውን ይዤ አነሳሁት።

"ምን ሆንክ ልጄ?"

ልጄ ማለቱ ይበልጥ አናደደኝ። በጥፊ አጮልኩት፤ ከዚያ ገፈተርኩት። ዳሌው የቸርኬው ጠርዝ ላይ አረፈና እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ጩኸቱ የመጣው ቆይቶ ነው።

አባቴ የተሰበረ እጁን አቅፎ፣ እያነከሰ መንገዱን ተሻገረ። "ተው! ማንም አልነካኝም! ወድቄ ነው!" አለ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

"ታዲያ ለምን እሱን አልክ?"

"አምና እሱም ወድቆ ነው እኮ። 'ልጆቼ ሱቄን እንዳያዘጉኝ፣ መዶሻ መታኝ ልበላቸው' ብሎ ለመነኝ፤ እሺ አልኩት። ዛሬ ደግሞ የእኔ ተራ መሰለኝ።" አጠገቡ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ደህናውን እጁን ዘርግቶ የጎማ ጠጋኙን እጅ ያዘ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ማልቀስ እንኳ አፈርኩ።

ሐኪሙ የጎማ ጠጋኙ የዳሌ አጥንት መሰበሩን ነገረንና "በዚህ ዕድሜ ተመልሶ መቆሙን እንጃ" አለ። በሳምንቱ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ልጆቹ በሩ ላይ ሆነው በጥላቻ ያዩኛል፤ እውነታቸውን ነው።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ" አልኩ።

ዓይኑን ገለጠ። "ማን ነው የመታኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ጮክ በል፤ ልጆቼ ይስሙ። ኋላ ወደቀ እንዳይሉኝ።"

"እኔ ነኝ የመታሁዎት!" ብዬ ጮህኩ።

ረክቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አልጋ በእግሩ አልወረደም።