በጄኔሬተሩ ቦታ የተቀበረው ሙታንታ

ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት አዲስ፣ ነጭ የጥጥ ሙታንታውን መሬት ቆፍሮ ቀበረ። ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ፤ የሟች ገመና ነው። ግን እሱን ባስታወስኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኸው ሙታንታ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በታኅሣሥ ከተማውን የናጠው ተኩስ ካለፈ በኋላ ጄኔሬተሩ ከግቢው ጥግ ወደ በሩ ተዛወረ። የቀድሞ ቦታው ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ሲፈስበት ስለኖረ ሣር እንኳ አልበቅልበት አለ። አከራያችን በስደት ጋምቤላ ያደጉ፣ አማርኛውን ከጁባ ዓረብኛ ጋር የሚቀላቅሉ ሴት ናቸው። ቦታውን በሲሚንቶ ደፍነው ለሻይ ሻጭ ሊያከራዩት አሰቡ። የግብርና አስተማሪው ባለቤቴ ደግሞ ቲማቲም ሊተክልበት።

«ይሄ መሬት ኸላስ! አልቆለታል፣ ሞቷል» አሉት።

«አልሞተም፣ እትዬ። ሠራተኞቹ ጥለውት ሄደው ነው።»

ሠራተኞች የሚላቸው አፈር ውስጥ የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩትን ፍጥረታት ነበር። የወደቀውን ሁሉ በልተው ለተክል ቀለብ የሚያደርጉት፣ ናፍጣውን ሳይቀር ቀስ እያሉ የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። «እነሱ ባይኖሩ የዚህ ከተማ ቆሻሻ ከጀበል ተራራ በላይ ይሆን ነበር» ይል ነበር።

በጋውን ሙሉ እበት፣ የሽንኩርት ልጣጭና ደረቅ ቅጠል እያመጣ ከአፈሩ ጋር ሲያገላብጥ ከረመ። ከዚያ እሱና አከራያችን ተወራረዱ። «ጥጥ ይወዳሉ። ሙታንታዬን እቀብራለሁ። ዝናቡ ሲያባራ አውጥተን እናያለን። ከተበላ መሬቱ ድኗል፣ እተክላለሁ። ካልተበላ ሲሚንቶዎትን ያፍስሱ።»

«ካልሲ አይሆንም?» አልኩት፣ አፍሬ።

«ካልሲዬ ናይሎን ነው። እንግዳ ጠርተሽ ናይሎን ታቀርቢያለሽ?»

ዝናቡ ሲጀምር ሙታንታውን ቀበረ። ዝናቡ ሳያባራ ወባ ወሰደውና እሱን ቀበርነው።

ሰማዩ ሲጠራ አከራዬ ሲሚንቶውን አስጭነው መጡ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፤ ቀጥለውም ዶማ አቀበሉኝ። «ውርርድ ውርርድ ነው። ቆፍሪ።»

ስቆፍር ሁለት ልብ ሆንኩ። ሙታንታውን ሙሉውን ባገኘው የእሱ የሆነ ነገር ይቀረኝ ነበር። ሙሉ ከሆነ ግን ተሸንፏል ማለት ነው።

በዚህ መሀል ጸሎት የማታቋርጠው፣ ቶንፒንግ ሰፈር ላለ ሆቴል ልብስ የምታጥበው ጎረቤቴ ያጠበችውን ልታሰጣ ወጣች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው፣ እህቴ?»

«የባለቤቴ ሙታንታ።»

ሳፋውን ጣለችው። «መተት! ልብሱን ቀብረውበት ነዋ የሞተው! በኢየሱስ ስም!»

«ራሱ ነው የቀበረው!»

«በራሱ ላይ?»

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነን!» አሉ አከራዬ።

ዶማው አንድ ነገር ያዘ። ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። ላስቲክ ነው፤ የወገቡ ላስቲክ ብቻ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ክር ተንጠልጥሎበት። ጥጡ የለም። አፈሩን አሸተትኩት። ናፍጣ ናፍጣ ማለቱን ትቶ የመጀመሪያ ዝናብ ያገኘ መሬት ይሸታል፤ አንድ ወፍራም ትልም ሰላሙን ስለነሣሁት ተቆጥቶ ተጠማዘዘ።

አከራዬ ላስቲኩን ወጠር አድርገው በመሀሉ አዩኝ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «በሉት! ወላሂ፣ ሙልጭ አድርገው በሉት!» እኔም ሳቅሁ፤ ለቅሶዬ ከሳቁ ጋር ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።

«ማነው የበላው?» አለች ጎረቤቴ።

«አፈሩ ውስጥ ያሉት። አይታዩም።»

ቀድማ ገመዱ ላይ ያሰጣችውን የሆቴሉን አንሶላ ሁሉ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ ሰብስባ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሲሚንቶው የአከራዬ ደጃፍ ላይ ፈሰሰ። እኔ ቲማቲሙን ተከልኩ። የመጀመሪያው ተክል አድጎ ሲዘም፣ ላስቲኩን አጥቤ ከድጋፍ እንጨቱ ጋር በእሱ አሰርኩት። ባለቤቴ ወገበ ሰፊ ሰው ነበር፤ ላስቲኩ እንጨቱን ዞሮ ዞሮ አላልቅ አለኝ።