የገመቹ አሥር ፊልሞች

ባለፈው ቅዳሜ አምቦ መሀል ከተማ ጸጉሬን ስስተካከል፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የጀግኖች ፊልም ይታይ ነበር። እያንዳንዱ ጀግና መጀመሪያ የራሱ ፊልም ይሠራለትና በኋላ ሁሉም አንድ ላይ የሚመጡበት ዓይነት። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ወጣቶች ይከራከራሉ። አንደኛው፣ «ተቻኩለው አበላሹት። እኔ ብሆን እንዲህ አላደርገውም ነበር» አለ።

ሳላስበው፣ «እሱን ያስተካከለ ልጅ አውቃለሁ» አልኩ።

ጸጉር አስተካካዩ ማሽኑን ከጭንቅላቴ አንስቶ፣ «ማነው እሱ?» አለኝ።

«አብሮኝ የተማረ ነው» አልኩ። መስተዋቱ ውስጥ ፊቴ ሲቀላ አየሁት።

ልጁ ገመቹ ይባላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ሸነን ከምትባል የገጠር ከተማ መጥቶ፣ ከአገሩ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ብዙም አይርቅም። አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። መስከረም ላይ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ቤተሰቦቹን ጠይቆ ሲመለስ ከስንቁ ጭኮ ያካፍለኛል። የገብሱና የቅቤው ሽታ ከቦርሳው ሲወጣ ከፊታችን ያሉት ሁሉ ይዞራሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ጭኮ በልቻለሁ፤ የዚያን ያህል የጣመኝ ግን የለም። ምናልባት ያጣፈጠው ረሃባችን ይሆናል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት እንገባለን። ስንወጣ እኔ ስለ ድብድቡ ሳወራ እሱ ይናደዳል።

«ሳይተዋወቁ ነው እኮ ያገናኟቸው! ደግሞ ከተማውን አፍርሰው ይሄዳሉ። ማነው የሚጠግነው?»

እልሁ አልወጣለት ብሎ የራሱን እቅድ በአንድ ደብተር ጻፈ፤ አሥር ፊልም። በመጀመሪያው አንድ ጀግና ብቻ አለ፤ ሰው አድናለሁ ብሎ ድልድይ ይሰብራል። ሁለተኛው ፊልም ስለ ጀግናው ሳይሆን ድልድዩን ስለሠራው ሰውዬ ነው። ጀግኖቹ ሁሉ የሚገናኙት በስድስተኛው ነው፤ እሱም ለጦርነት ሳይሆን ለለቅሶ። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ይህን ከየት እንዳመጣው ዛሬም ይገርመኛል።

አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ የአማርኛ አጻጻፉ ስህተት ይበዛበት ነበር። «አንተ አርመህ ገልብጥልኝ» ብሎ ደብተሩን ሰጠኝ። እስከ ስድስተኛው ፊልም ገለበጥኩ። እውነቱን ለመናገር ከፊደል በቀር ያረምኩት ነገር የለም። ከዚያ ግልባጩን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ወሰድኩት። የማን ነው ሲሉኝ፣ «የኔ» አልኩ። አስቤበት አልነበረም፤ ቃሉ ቀድሞኝ ወጣ። ግን መልሼ አልዋጥኩትም።

ሦስት ቀን በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው አነበብኩ። ተማሪው ኳሱን ትቶ ግራቪሊያው ዛፍ ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። ገመቹም ቆሞ ሰማ። ምንም አልተናገረኝም። አብሮት የሚኖረው ልጅ ግን አላስችለው ብሎ ለአማርኛ መምህራችን ነገራቸው። ሁለታችንንም መምህራን ክፍል አስጠሩን።

«ገመቹ፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉት።

ገመቹ ዞሮ አየኝ። እኔ እንድናገር ተራውን እየሰጠኝ ነበር። እኔም ተናገርኩ።

«ቲቸር፣ ሐሳቡን አብረን አውርተነዋል። ግን እሱ አማርኛ መጻፍ አይችልም። የፈተና ወረቀቱን ያውቁት የለ?»

መምህራችን ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው ክፉ አልነበሩም፤ የሰጠኋቸውን አመኑ። ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፣ «በርታ እንግዲህ፣ ከጓደኛህ ተማር» አሉት።

ውጭ ስንወጣ፣ «ገሜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዺሲ፣ ተወው» አለኝ። «ደብተሬን ብቻ ስጠኝ።»

ሰጠሁት። በማግስቱ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ግን ቀጣዩን ይጠይቁኛል። ቀሪዎቹን አራት ፊልሞች አልገለበጥኩም፤ አላነበብኳቸውምም። ሰባተኛውን ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩ፤ ጀግኖቹ ተደባደቡ፣ ከተማ ፈረሰ፣ አለቀ። ገና ሳልጨርስ ልጆቹ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ እጃጂ ከተማ ሄጄ ሳለ፣ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ገመቹ ነው፤ እዚያ መምህር ሆኗል። አቅፎ ሳመኝ፣ ከሚስቱም አስተዋወቀኝ። «የተማሪ ቤት ጓደኛዬ ነው። ጽሑፍ ይጽፍ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ቆሞ ነበር የሚሰማው» አላት። ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለግሁ። አልነበረም፤ ወይም እኔ ማንበብ አልቻልኩም።

«አሁንም ይጽፋሉ?» አለችኝ።

«አይ፣ ሥራ በዛ» አልኩ። የአምቦው መኪና ረዳት «የሞላ!» ሲል እንደ ዳነ ሰው ሮጬ ገባሁ። እስከ ጉደር ድረስ ወደ መስኮቱ አንገቴን አላዞርኩም።

ቅዳሜ ከጸጉር ቤቱ ስወጣ ያ የሚከራከረው ወጣት ተከተለኝና፣ «ጋሼ፣ ያ ልጅ እንዴት ነበር ያስተካከለው?» አለኝ። አስፋልቱ ዳር ቆመን ስድስቱን ፊልሞች አንድ በአንድ ነገርኩት። «ገመቹ ይባላል፤ ሁሉም የሱ ነው» አልኩት። ልጁ በጣም ወደደው፤ ቀጣዩን ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። መንገድ ላይ ላገኙት ሰው እውነት መናገር ቀላል ነው፤ ምንም አያስከፍልም። መናገር የነበረብኝ መጀመሪያ እዚያ መምህራን ክፍል ውስጥ ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ እጃጂ መናኸሪያ፣ በሚስቱ ፊት። የስልክ ቁጥሩ አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወልኩም።