ዙለይኻ ለምን ድሬዳዋ አልሄደችም

ጭሮ ውስጥ ዙለይኻን ፈሪ የሚላት ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን ጫት ተራ ዳር ካቆምኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ዙለይኻ ደግሞ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጫት ትሸጣለች። ስለዚህ የማወራው የማውቀውን ነው። ጎረቤቶቿ የሆኑ ነጋዴዎች ቦታዋን ፈልገው ሦስት ጊዜ ተነሺ ብለዋታል። አንዴማ ጆንያዋን ሁሉ አንስተው አስፋልት ላይ ወረወሩት። አልተሳደበችም፣ አልጮኸችም፤ ጆንያዋን ለቃቅማ እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እነሱ ዛሬ የሉም፤ እሷ አለች። ይቺን ነው እንግዲህ ፈሪ የሚሏት።

አሻሻጧም እንደዚያው ነው። ሌላው ሻጭ ገዢ ለመሳብ እስሩን ፈትቶ ይዘረጋዋል፤ ፀሐይ ያገኘው ቅጠል ሳይውል ሳያድር ይጠወልጋል። እሷ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ ውኃ እየረጨች፣ ጫፉን ብቻ ታሳያለች። ከቀትር በኋላ ያልጠወለገ ጫት የፈለገ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ገዢ በሌለበት ሰዓት በስልኳ ጌም ትጫወታለች። ጌሙ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች በየስልካቸው አንድ አንድ አውሬ ያሰልፋሉ፣ አውሬዎቹ በየተራ ይገጥማሉ፣ ጉልበቱ ቀድሞ ያለቀው ይሸነፋል። ሁሉም የሚመርጠው እሳት የሚተፋውን ዘንዶ ነው። ዙለይኻ የመረጠችው ግን ማንም ዞር ብሎ ያላየውን፣ ጀርባው ድንጋይ የሆነውን ኤሊ ነው። ኤሊው ሦስት ነገር ብቻ ይችላል፤ ድንጋዩ ውስጥ ይደበቃል፣ ቁስሉን ይጠግናል፣ አልፎ አልፎ ትንሽ መርዝ ይረጫል። ዘንዶው እሳቱን ሲያዘንብ ኤሊው ተደብቆ ይቆያል። መርዙ ቀስ እያለ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ዘንዶው ይወድቃል።

አንድ ቀን ለምን ይሄን እንደመረጠች ጠየቅኳት። "ጋሽ ይልቃል፣ እነሱ ሲመቱ ይደክማቸዋል" አለችኝ። "እኔ እሱን ነው የምጠብቀው።"

ባለፈው ጥቅምት የጌም ቤቱ ባለቤት አምባው ውድድር አዘጋጀ። ከሂርናም ከበደሳም ሰው መጥቶ አሥራ ስድስት ተጫዋች ተመዘገበ። የሚያሸንፈው አንድ ሰው ድሬዳዋ በሚደረገው ትልቅ ውድድር ይሰለፋል። ዙለይኻ ያንን ቦታ እንደፈለገችው ሌላ ነገር ስትፈልግ አይቼ አላውቅም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ ስሟ ተጠርቶ ነይ የተባለችበት ቦታ የለም። ለዚያ ቀን አዲስ ሻሽ ገዛች። ዳኞቹ ሦስት ነበርን፤ አምባው፣ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴው ገብረጻድቅ እና እኔ። እኔን ያስገቡኝ ስለ ጌም አውቃለሁ ብለው ሳይሆን ሽማግሌ ካለ ጠብ አይነሳም ብለው ነው።

ከመጀመሪያው ግጥሚያ ጀምሮ አጉረመረሙባት። የበደሳው ተጫዋች ሲሸነፍ "ይሄ ጨዋታ ነው? ሌብነት ነው እንጂ" አለ። ቆይ፣ ምን ሰረቀች? ኤሊውን ጌሙ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት? ዘንዶ ይዞ የመጣው ጀግና፣ ኤሊ ይዛ የመጣችው ሌባ፤ ይሄን ሕግ ማን አወጣው? ከኋላዋ የቆሙት ደግሞ በኦሮምኛም በአማርኛም "ሩኩቲ፣ ሩኩቲ፣ ምቺው እንጂ" እያሉ ጆሮዋ ሥር ይጮሃሉ። ዘወር ብላም አላየቻቸው። ሦስቱን በየተራ አሰናብታ ለፍጻሜ ደረሰች።

በፍጻሜው የገጠማት ኢዘዲን የሚባል የሂርና መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው። ግጥሚያው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ቤቱ ታፍኗል፣ ሰዉ ያዛጋል፣ ገብረጻድቅ ሰዓቱን ያያል። የኢዘዲን ዘንዶ ጉልበት ግን ቀጥኖ ክር አክሏል። ለመውደቅ አንድ መርዝ ብቻ ነው የቀረው፣ ተራውም የዙለይኻ ነው። ያኔ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ተሰማ።

አምባው ክርስቲያን ነው፤ ቢሆንም ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ አዛን ሲባል ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው የኳስ ጌም ባለበት ይቆማል፣ ተጫዋቹ እጁን ይሰበስባል። ማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ልማድ ነው። ዙለይኻ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሻሿን አስተካክላ አንገቷን ደፋች። ኢዘዲንም ስልኩን አስቀመጠ። የእነሱ ጌም ግን በኢንተርኔት የሚሄድ ነው፤ አይቆምም። ለአንድ ተራ አንድ ደቂቃ ይሰጣል፣ ደቂቃው ካለፈ ተሸንፈሃል ይላል። ዙለይኻ ይሄን አታውቅም አይባልም፤ ግን እዚያ ቤት በአዛን ሰዓት የማይቆም ነገር አይታ አታውቅም። አዛኑ አልቆ ስልኳን ስታነሳ ኢዘዲን አሸናፊ ሆኗል።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ኢዘዲን እንኳ አፈረ። "ወላሂ እኔ አልቆልኝ ነበር" አለ። "ዳኞቹ ይደገም ካሉ እደግማለሁ።"

ገብረጻድቅ ግን "ስልኩ ፈርዷል፣ እኛ ምን አገባን?" ብሎ ተነሳ። ስልኩ ፈርዷል! መግሪብ የሚባል ነገር የማያውቅ ስልክ ነው የጭሮን ሰው የሚዳኘው? ሴትዮዋ ለአዛን እጇን ስለሰበሰበች ተቀጣች፤ እነዚያው አብረዋት እጃቸውን የሰበሰቡት ሰዎች ያጨበጭባሉ። አምባው አላስቻለውም። "ነውር ነው፣ ይደገም" አለ። አንድ ለአንድ ሆኑ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዙለይኻ ወደ እኔ ተመለከተች። ቀና ብላ ጠበቀች። ወገቤ ተቆርጧል፣ ሰዉ በሩ ላይ ይገፋፋል፣ ከተደገመ ሌላ አርባ ደቂቃ ነው።

"እንግዲህ የሆነው ሆኗል" አልኩ።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች። ኢዘዲን ድሬዳዋ ሄዶ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ።

በማግስቱ ቦታዋ ላይ ነበረች። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ሱሪ መጨረስ አቃተኝ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ ሄድኩና "ዙለይኻ፣ ገብረጻድቅ የሠራው ሥራ እንቅልፍ ነስቶኛል" አልኳት።

ጆንያው ላይ ውኃ እየረጨች ነበር። እጇን አላቆመችም። "ጋሽ ይልቃል፣ ስልኬን ያስቀመጥኩት እርስዎ ፊት ነበር" አለችኝ። "ደቂቃው ሲቆጥር አላዩትም?"

አይቼዋለሁ። ሃያ ሴኮንድ ቀረ ሲል አየሁ፣ አሥር ሲልም አየሁ። በአዛን ሰዓት አይወራም እንዳልል፣ በጣቴ ክንዷን ነካ ባደርጋት ይበቃ ነበር። እንዲያልቅ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት።

"አላየሁም" አልኳት።