ገብታ የማትመለሰው ቅንጣት

ነገሩን ለአባቴ ያስረዳኋቸው ራሴ ነኝ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ ለአምስት ተጠርንፈን በምንኖርበት ዘመን ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ትምህርት የሠራሁት በሱፐርኮንዳክተር ላይ ነው፤ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት በሚያሳልፍ ቁስ ላይ። ቁሱን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያለ ቤተ ሙከራ በወረቀት ብቻ ነበር የማሰላው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ መጥተህ ለካ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ለአባቴ ልነግራቸው ማንኩሳ ሄድሁ። የመስኖ ውኃ ወደ ሽንኩርቱ ሲመልሱ አገኘኋቸው። የማግኔት ኃይል እንዲህ ያለ ቁስ ውስጥ እንደ ቦዩ ውኃ ትንንሽ አዙሪት እየሠራ እንደሚገባ፣ አዙሪቶቹ ከተንቀሳቀሱ ኤሌክትሪኩ እንደሚባክን ነገርኋቸው። በምን እንደማያቸው ጠየቁኝ። ሙዮን የምትባል ደቂቅ ቅንጣት እንደምንሰድ፣ ገብታ እዚያው እንደምትቀርና ወዲያው እንደምትሞት፣ ስትሞት የምትተፋት ሌላ ቅንጣት ብቻ ወጥታ የውስጡን ወሬ እንደምትነግረን አስረዳሁ። አካፋቸውን ተደግፈው አሰቡ።

«ጆሮ ጠቢ ናት በለኛ» አሉ።

ሳቅሁ። ገብቷቸዋል። ለመምህሮቼ ሳስረዳ እንኳ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የትምህርት ፈቃዱ የሚወሰነው ግን በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢው ፊዚክስን ስምንተኛ ክፍል ጥሎት የመጣ ካድሬ ነው። ይህ ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል አለ። ለተማሪዎች ኳስ ሜዳ ይሠራ ሲባልም ይህንኑ ጠይቆ ነበር። መልስ ስጀምር አቋረጠኝና አዳራሹ ውስጥ አርሶ አደር ይፈልግ ጀመር። ታናሽ እህቴ እዚያው ትማር ስለነበር የወላጆች ተወካይ ሆነው የተቀመጡት አባቴ ነበሩ። ደስ አለኝ። ቦዩን ያነሣሉ፣ ይህን ደንቆሮ ያሳፍሩልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አባቴ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እኔ የገባኝ ነገር የለም። ለእኛም የሚጠቅመን አይመስለኝም» ብለው ተቀመጡ።

ካድሬው አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከተለው። ፈቃዱ በዚያው ቀረ።

ከአዳራሹ ስንወጣ መንገድ ላይ ያዝኋቸው። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን የባጃጅ ሾፌሮች ዞረው እስኪያዩን ጮህሁባቸው። ገብቶዎት ሳለ ለምን ዋሹ አልሁ። ከዚህ ካድሬ ጋር አብረው ቀበሩኝ አልሁ።

«ቅንጣቷ ከገባች አትመለስም አላልኸኝም?» አሉ በመጨረሻ። «የሚመለሰው ወሬዋ ብቻ ነው አላልኸኝም? እኔ ወሬህን ምን አደርገዋለሁ?»

ንዴቴ ባሰ።

እኔ ልለካው ያሰብሁትን ሌላ ሰው ለካው። እኔ ወደ ቡሬ ተዛውሬ ጠመኔ ስጨብጥ ኖርሁ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ እየተመላለስሁ ጠየቅኋቸው፤ ሽንኩርት አሸክመው ይሸኙኝ ነበር፤ ስለዚያ ቀን አንዳችንም አንሥተን አናውቅም። ካድሬውን ከረሳሁት ቆይቷል። እሱ የከለከለኝ ስላልገባው ነው። አባቴ ግን ገብቷቸው ነው።